ከባሕር ዳር ወደ ያንጉዲ ራሳ፦ የበረሃ ፓርክ ጉብኝት እንዴት ይሰናዳል?

ባሕር ዳር ላይ የቧንቧ ውሃ ቢጠፋ ሐይቁ አጠገብ ነው። ያንጉዲ ራሳ ላይ ግን የጀሪካን ክዳን ካፈሰሰ ጉብኝቱ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ የዚህ ጉዞ ግማሽ ሥራ የሚያልቀው ገና ከቤት ሳይወጡ ነው።

ፓርኩ አፋር ክልል ውስጥ፣ በገዋኔና በሚሌ መካከል ይገኛል። ስፋቱ ከ4,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ጣና ከነደሴቶቹ ቢገባበት ቦታ ይተርፈዋል። ስሙን ያስጠራው የዱር አህያ ነው። ይህ እንስሳ ከዓለም ሊጠፋ ጫፍ ላይ የደረሰ በመሆኑ ሳያዩት መመለስ የተለመደ ነው፤ ይህን አስቀድሞ ለአብሮ ተጓዥ መንገር ይገባል። ሳላ፣ ሰጎንና የሜዳ ፌቆ የማየት ዕድል ይሻላል።

1. ወሩን ይምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር ይሂዱ። ከግንቦት ጀምሮ ሙቀቱ ለመኪናም ለሰውም አይቻልም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ የነካው ሜዳ ጭቃ ይሆንና መኪና ይውጣል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ የፓርኩ ዝቅተኛ ቦታ ወደ 400 ሜትር ይወርዳል። ዝቅ ባሉ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሰውነት ይህን ለመልመድ ጊዜ ስለሚፈልግ የመጀመሪያውን የበረሃ ቀን በእግር ጉዞ አይጀምሩት።

2. መንገዱንና ፈቃዱን ያጣሩ

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ 550፣ ከአዲስ አበባ አዋሽ ወደ 225 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ቀን ለአዲስ አበባ፣ አንድ ቀን እስከ አዋሽ ወይም ገዋኔ፣ ሦስት ቀን ለፓርኩ፣ ሁለት ቀን ለመመለሻ፤ በአጠቃላይ ሰባት ቀን ይያዙ። ከዚህ ካሳጠሩት አሽከርካሪው ደክሞት በረሃ ይገባል።

ከመነሳትዎ አንድ ሳምንት በፊት፣ እንደገና ደግሞ በዋዜማው፣ ስለ መንገዱ ጸጥታ በዚያው መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ይጠይቁ። የባሕር ዳር መውጫም የአፋር መንገድም ሰላም መሆኑን ሳያረጋግጡ አይንቀሳቀሱ። ስለ መግቢያ ፈቃድና ስለሚመደብልዎ ስካውት፣ ማለትም አጃቢ የፓርክ ጠባቂ፣ ከክልሉ የቱሪዝም ቢሮ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። የፈቃዱን ደብዳቤና የመታወቂያዎን ኮፒ በርከት አድርገው ይያዙ፤ በየኬላው ይጠየቃሉ።

3. ውሃውን ያስሉ

ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር ይያዙ፤ 5 ወይም 6ቱ ለመጠጥ፣ ቀሪው ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ። ሦስት ተጓዥ፣ ሾፌርና ስካውት አምስት ሰው ናቸው። አምስት ሰው በሦስት ቀን 120 ሊትር ይፈልጋል። መኪና ቢበላሽ ብለው ግማሹን፣ 60 ሊትር፣ ይጨምሩ። ድምሩ 180 ሊትር፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ብዙ ሰው ስካውቱን ሳይቆጥር ስለሚሄድ ውሃው ከታሰበው ቀን ቀድሞ ያንሳል።

180 ሊትር 180 ኪሎ ይመዝናል። ከባሕር ዳር ሞልተው ዓባይ በረሃን ማውጣትና ማውረድ ፍሬን ማቃጠል ነው፤ ጀሪካኖቹን ባዶ ይውሰዱና አዋሽ ወይም ገዋኔ ላይ ይሙሉ። ሲጭኑም ከፖርትመጋላው ላይ ሳይሆን ከውስጥ፣ ወለሉ ላይ ይደርድሩ። ጭነት ከላይ ሲከብድ መኪናው ተዳፋት ላይ ይንጋደዳል።

ጀሪካኑን ግን እዚሁ ይፈትኑ። ኬሚካል ወይም ናፍጣ የነበረበት በምንም አይጸዳም። የዘይቱን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይጠቡ። ከዚያ ውሃ ሞልተው አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ይጨምሩ፤ ግማሽ ሰዓት ካቆዩ በኋላ ደጋግመው ያለቅልቁ። እንደገና ሞልተው ክዳኑን ያጥብቁና ደረቅ ካርቶን ላይ በጎኑ አስተኝተው ያሳድሩት። ጠዋት ካርቶኑ ላይ የሳንቲም ያህል እርጥበት ካለ የክዳኑ ላስቲክ አልቋል። ከክዳኑ ሥር ፌስታል ማጠፍ ለቤት ይበቃል፤ በበረሃ ሙቀትና በመንገድ መናጥ ግን ይቀደዳል። ላስቲኩን ይቀይሩ።

4. መኪናውን ያዘጋጁ

ባለ አራት ጎማ ማርሽ ያስፈልጋል፤ ሁለት መኪና ሆኖ መሄድ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ የጎማ መጠገኛ፣ አካፋ፣ ቺንጋና የራዲያተር ቱቦ ይያዙ። ክሪክ አሸዋ ላይ መኪናውን ከማንሳት ይልቅ ራሱ ይሰምጣል፤ አናጺ ዘንድ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አስቆርጠው ከሥሩ ያድርጉለት። አሸዋ ላይ የጎማውን አየር ወደ 20 ፒ ኤስ አይ ያውርዱ፤ አስፋልት ሲወጡ መልሰው የሚሞሉበት የእጅ ወይም የመኪና መንፊያ ከሌለዎት ግን አያውርዱ። አሸዋ ናፍጣ ይበላል፤ አስፋልት ላይ ከሚፈጀው እጥፍ አድርገው ያስሉ።

ጎማ የሚበሳው ብዙ ጊዜ ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ዛፍ እሾህ ነው። ለአፋር አርብቶ አደር ይህ ዛፍ ለጣና ዓሣ አጥማጅ እንደ እንቦጭ ነው፤ ግጦሹን ወርሶ ከብቱንም የዱር እንስሳውንም ቦታ ነስቷል። ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት አይንዱ።

5. ፓርኩ ውስጥ

ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት እስከ ማታ ይፈልጉ። በመካከሉ አየሩ ስለሚንቀለቀል ሩቅ ያለ እንስሳ ቅርጹ አይለይም፤ ሸራ ዘርግተው ጥላ ሥር ይረፉ።

የቤት አህያም በአካባቢው ስለሚሰማራ ብዙዎች እሱን ፎቶ አንስተው ይመለሳሉ። እግሩን ይዩ። የዱሩ ሰውነቱ ግራጫ፣ እግሮቹ ደግሞ ነጣ ብለው እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር አግዳሚ መስመር የተሰመረባቸው ናቸው። 300 ሜትር ርቀት ላይ ይቁሙና በአቅራቢ መነጽር ይመልከቱ። ጆሮውን ቀጥ አድርጎ ካፈጠጠብዎ ሞተር ያጥፉ፤ አይከተሉት። በሙቀት የሮጠ እንስሳ ያጣውን ውሃ የሚተካበት ቦታ ሩቅ ነው። በዚሁ ምክንያት ውሃ ዳር አይስፈሩ። የምታጠባ እናት በየጊዜው ልትጠጣ ትመጣለች፤ ሰው ካየች ሳትጠጣ ትመለሳለች።

መንገድ ላይ አፋር ሲያገኙ አልፈው አይሂዱ። ዳጉ፣ ማለትም የወሬ ልውውጡ፣ ጊዜ ቢወስድም ስካውቱ እስኪጨርስ ይታገሡ። እንስሳቱ ትናንት የት እንደታዩ የሚሰማው እዚያ ነው። ሰው ሳይፈቅድ ፎቶ አያንሱ።

6. ሙቀትና ስልክ

ራሱን የሚያዞረው ሰው በጥላ አርፎ ኦ አር ኤስ ይጠጣ። የሚቀባዥር፣ ቆዳው የሚያቃጥል ከሆነ ግን በእርጥብ ጨርቅ እያቀዘቀዙ ወዲያው ወደ ሕክምና ይውሰዱት፤ ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፍ አይስጡ። ወባ ስላለ አጎበር አይርሱ።

ስልክ በብዙ ቦታ አይሠራም። ባሕር ዳር ለሚቀር አንድ ሰው የጉዞውን መስመር፣ የታርጋ ቁጥሩንና የስካውቱን ስልክ በጽሑፍ ይተዉለት፤ “ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ድረስ ካልደወልኩ ለዚህ ቁጥር ደውል” ብለው ቁርጥ ያለ ሰዓት ይስጡት።

ሲመለሱ ድንኳኑንና ምንጣፉን እዚያው ያራግፉ። ቢጫ የፕሮሶፒስ ፍሬ ከጭነቱ መካከል ካገኙ አፋር ላይ ያቃጥሉት፤ ጣና ዳር ይዘውት አይምጡ።