ወንድ ልጅን «እንደ ሴት አትሁን» ሳይሉ ማሳደግ

ሐዋሳ ውስጥ የሰፈር ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ጠጋ ብላችሁ ስሟቸው። ጎል የሳተው ልጅ «ሴት!» ተብሎ ይሰደባል። ወድቆ ያለቀሰውም እንደዚያው። ወንድነት ምን እንደሆነ ማንም አላስተማረውም፤ ከእህቱ ጋር የሚያመሳስለውን ነገር ሁሉ መሸሽ እንዳለበት ግን ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቃል።

መጀመሪያ ይህን ስድብ ከቤት አውጡት። ሲያለቅስ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት። «የት ጋ አመመህ?» ብላችሁ እቀፉት፣ በቃ።

ከዚያ ማጀት አስገቡት። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ውሰዱትና ዓሣ የሚበልቱትን ወንዶች አሳዩት፤ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቅርፊቱን ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው፣ በዳጣ ሲያቀርቡ ወንድነታቸውን የሚጠራጠር የለም፣ ከእነሱ አንዱ ቤቱ ገብቶ ሽንኩርት ቢከትፍ ግን ጎረቤት ይስቅበታል። ቢላዋው ያው ቢላዋ ነው። አንዱ ገንዘብ ያመጣል፣ ሌላው የሚስት ሥራ ይባላል። ይህን ለልጁ በግልጽ ንገሩት። አባቱ ራሱ ሲከትፍ ቢያይ ደግሞ ይበልጣል፤ እናቱ ስትታመም ብቻ ሳይሆን በደህናውም ቀን።

ስለ ጀግና ስታወሩለት ሴቶችንም ጥሩ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አመጣች። ታዲያ «ወንድ ናት» ብላችሁ አታወድሷት፤ ጎበዝ ሴት ናት።

አንድ አጎት «ልጁን ሴታሴት ልታደርጉት ነው?» ማለቱ አይቀርም። ልጁ ፊት አትጨቃጨቁ። «ጋሼ፣ ነገ ራሱን እንዲችል ነው» በሉና እለፉት። ልጁ ግን ሥራውን እንዳያቋርጥ።