ጨረቃ ለማየት ስትሄዱ ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ

በጃፓን የአትክልት ስፍራዎች በሚከበረው የጨረቃ ምሽት፣ በእነሱ አጠራር ጹኪሚ፣ ብዙ ሰው ባገኘው ቦታ ይቀመጥና ጨረቃዋ ከዛፍ ጀርባ ትወጣበታለች። መላው ቀላል ነው፦ ፀሐይ ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና ጀርባችሁን ለፀሐይ ስጡ። ጨረቃዋ የምትወጣው ከፊት ለፊታችሁ ነው። ኩሬ ካለ ምዕራባዊውን ዳር ያዙ። ውሃው ከፊታችሁ ሲሆን ጨረቃዋን አንዴ በሰማይ፣ አንዴ በኩሬው ላይ ታያላችሁ።

ምክንያቱ ጨረቃ ሙሉ የምትሆነው ከፀሐይ ትይዩ ስትቆም መሆኑ ነው፤ አንዷ ስትጠልቅ ሌላዋ ብቅ ትላለች። በዓሉ የሚውለው በጨረቃ አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ15ኛው ሌሊት፣ ማለትም ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ስለሆነ አቅጣጫው ወደ ምሥራቅ ይጠጋል።

ከቻላችሁ በኪዮቶ የሚገኘውን የዳይካኩጂ ቤተ መቅደስ የኦሳዋ ኩሬ ምረጡ። የዘንዶ ራስ የተቀረጸባቸው ጀልባዎች በጨረቃው ብርሃን ላይ ቀስ ብለው ሲያልፉ ማየት እጅግ ደስ ይላል።

ነገር ግን ከምሥራቅ በኩል ተራራ ካለ ጨረቃዋ ስለምትዘገይ ታገሡ። ከበዓሉ በኋላ ባሉት ሌሊቶችም ዘዴው አይሠራም፤ ጨረቃዋ በየቀኑ እየዘገየች ትወጣለች። ጃፓናውያን የ17ኛውን ሌሊት ጨረቃ «ቆሞ መጠበቅ»፣ የ18ኛውን «ተቀምጦ መጠበቅ»፣ የ19ኛውን ደግሞ «ተኝቶ መጠበቅ» ይሏታል።