የእንጉዳይ ክፍሌን መጥፎ ሽታ ያስወገድኩበት መንገድ

ለገጣፎ በሚገኘው ጓሮዬ፣ በገለባ በተሞሉ ከረጢቶች የኦይስተር እንጉዳይ አመርታለሁ። ባለፈው ክረምት ክፍሉ እንደ አሞኒያ ይሰነፍጥ ስለነበር ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ ምን ሞቶብህ ነው?» ብለው እስከ መጠየቅ ደረሱ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ክብደት ይጨምር ብዬ መልቀሙን ሳዘገይ የእንጉዳዩ ጠርዝ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ሳንባን የሚያስቆጣ ነጭ ብናኝ ይረግፋል፣ በቢላዋ ስቆርጥ የተረፈው ጉቶም በእርጥቡ ገለባ ላይ ይበሰብሳል። አሁን ጠዋትና ማታ እያየሁ፣ ጠርዙ ገና ወደ ታች እንደታጠፈ ዘለላውን ከነሥሩ ጠምዝዤ እነቅላለሁ፤ የጠቆረውን ከረጢት በዕለቱ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ አወጣለሁ። ከወለሉ አጠገብና ከጣሪያው ሥር በወንፊት የተሸፈኑ ቀዳዳዎችም ከፈትኩ። በሳምንቱ ሽታው ጠፍቶ የእርጥብ ገለባ ጠረን ብቻ ቀረ።