የቆመ ቃጫ መክተፊያ ሲሰነጠቅ፣ ሲጎብጥና ሲሻክር፦ ችግርና መፍትሄ

የቆመ ቃጫ መክተፊያ የሚባለው የእንጨቱ የተቆረጠ ጫፍ ወደ ላይ እንዲመለከት ተደርጎ ከትንንሽ ቁራጮች የሚጣበቀው፣ ላዩ የዳማ ገበታ የሚመስለው ነው። ቢላዋ ሲያርፍበት ቃጫዎቹ ገለል ብለው መልሰው ይገጥማሉ፤ ለዚህም ነው ስለቱ ቶሎ የማይዶለዱመው። ይኸው ጠባዩ ግን የአብዛኛው ችግር ምንጭ ነው። የተቆረጠ ጫፍ ውሃ፣ ዘይትና ኮላ ከእንጨቱ ጎን ይልቅ ፈጥኖ ይጠጣል። በዚያ ላይ እንጨት ሲረጥብ በቃጫው ርዝመት እምብዛም አይለወጥም፤ የሚያብጠው ወደ ጎን ነው። በዚህ መክተፊያ ላይ ደግሞ ወደ ጎን ማለት ርዝመቱም ስፋቱም ነው። መክተፊያው በስጦታ ተሰጥቶ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚታየው ጉድለት በአብዛኛው ሲሠራ የተጠነሰሰ ስለሆነ፣ ከምልክቱ ተነስቶ ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

ስንጥቅ

ከሁሉ አስቀድማችሁ ስንጥቁ የት እንደሄደ ተመልከቱ። የኮላውን መስመር ተከትሎ ከሆነ ጥፋቱ የማጣበቁ ነው፤ እንጨቱን ራሱን ሰንጥቆ ካለፈ ግን ጥፋቱ ከእንጨቱ ወይም ከአሠራሩ ንድፍ ነው። ሁለቱን ማምታታት ጊዜም እንጨትም ያባክናል።

በኮላ መስመር ላይ የሚከፈት ስንጥቅ የመጀመሪያው ምክንያት በደንብ ያልገጠመ ፊት ነው። ቁራጮቹን ያለ ኮላ ገጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዟቸው። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ መጋዙን አስተካክሉ፣ ወይም ፊቱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ሞርሳውን አጥብቆ ክፍተቱን መዝጋት መፍትሄ አይደለም፤ እንጨቱ ያን ጉልበት ይዞት ይቆይና አንድ ቀን መገጣጠሚያውን ይከፍተዋል። ሁለተኛው ምክንያት ሞርሳው ከመጥበቁ በፊት ኮላው መድረቁ ነው። የተለመደው ነጭ ኮላ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ላዩ መድረቅ ስለሚጀምር፣ ብዙ ረድፍ ያለውን መክተፊያ በሁለት ግማሽ አጣብቆ በመጨረሻ ግማሾቹን ማጋጠም ይሻላል። ሦስተኛው ደግሞ የኮላው ዓይነት ነው፤ ውሃ የሚቋቋም፣ ዲ3 ወይም ዲ4 ደረጃ ያለው ይሁን።

ብዙ ጀማሪዎች ጫፍን ከጫፍ ማጣበቅ ደካማ ነው ሲባል ሰምተው ይሰጋሉ። እዚህ ላይ ስጋቱ ቦታ የለውም፤ ቁራጮቹ የሚጣበቁት በጎናቸው ስለሆነ በደንብ የገጠመ መገጣጠሚያ ከእንጨቱ አይተናነስም።

የተከፈተ መስመርን በኮላና በሰጋቱራ መሙላት ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ልክ በመስመሩ ላይ በመጋዝ ቆርጣችሁ ለዩት፣ ፊቶቹን አስተካክሉና እንደ አዲስ አጣብቁ። መክተፊያው በመጋዙ ውፍረት ያህል ያንሳል፤ ተቀባዩ ግን ልዩነቱን አያየውም።

እንጨቱን ራሱን የሰነጠቀ ከሆነ፣ አንድም ጣውላው ሳይደርቅ ተሠርቷል፣ አንድም እንቅስቃሴው ታግዷል። ለቤት ውስጥ ዕቃ ከ6 እስከ 8 በመቶ እርጥበት የያዘ እንጨት ይመረጣል። ለውበት ተብሎ ዙሪያውን የሚለጠፍ ረጅም የእንጨት ክፈፍ ደግሞ ዋነኛው አጥፊ ነው፤ ውስጡ በየአቅጣጫው ሲያብጥ ክፈፉ በርዝመቱ ንቅንቅ ስለማይል አንዱ መሰበሩ የግድ ነው። ክፈፉን ቆርጣችሁ ጣሉት። የተሰነጠቀውንም ረድፍ አውጥታችሁ ቀሪውን መልሳችሁ አጋጥሙ።

ጠረጴዛ ላይ የሚወዛወዝ መክተፊያ

አንዱ ፊት ከሌላው የበለጠ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው። የረጠበው ፊት ያብጥና ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ ደረቁ ይሰረጉዳል። ቸኩላችሁ አትላጉት፤ እርጥብ ሳለ የተስተካከለ ሲደርቅ ወደ ሌላው ይጎብጣል። አየር ሁለቱንም ፊት እንዲያገኘው በጎኑ አቁማችሁ ጥቂት ቀናት ተዉት። ከተመለሰ ሁለቱንም ፊትና ጎኖቹን እኩል ዘይት አጠጡት። ካልተመለሰ ያኔ አስተካክሉት። ስስ መክተፊያ ቶሎ ይጎብጣል፤ ውፍረቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።

ጠርዙ ሲገነጠል

ይህ የሚሆነው ላዩን ለማስተካከል በመላጊያ ማሽን ሲያልፍ ነው። የቆመ ቃጫን ወደ መላጊያ ማሽን መስደድ አደገኛ ነው፤ ምላጩ ነክሶ ሊሰብረውና ስብርባሪውን ሊወረውር ይችላል። በራውተር (በሚሽከረከር ስለት እንጨት በሚቀርጽ የእጅ ማሽን) እና በመምሪያ ጣውላ፣ ወይም በቀበቶ መሞረጃ ማሽን አስተካክሉት። በእጅ መላጊያ ከሆነ ከጠርዝ ወደ መሃል ግፉ እንጂ ከጠርዙ አታውጡት። የተገነጠለውን ጠርዝ ቆርጦ ማስተካከል ይበቃል።

ጭረት፣ ነጭ ነጥብ፣ ጥቁር እድፍ

ዘይት ሲቀባ ብቅ የሚለው ጭረት የተዘለለ የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ውጤት ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ 80፣ 120፣ 150፣ 180፣ 220 እያለ ይውጣ። የቆመ ቃጫ ጠንካራ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የደነዘዘ ወረቀት ደግሞ ከመሞረድ ይልቅ ያወለውለውና ዘይት በእኩል እንዳይጠጣ ያደርገዋል። ከዘይቱ በፊት ላዩን በውሃ አርጥባችሁ በጎን ብርሃን ብታዩት የቀረው ጭረትም፣ ነጭ ነጥብ ሆኖ የሚታየው የኮላ ቅሪትም ይጋለጣል። ጥቁሩ እድፍ የሞርሳው ብረት ከእርጥብ ኮላና በእንጨቱ ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ታኒን ከተባለ ንጥረ ነገር ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ነው፤ በመሃል የሰም ወረቀት አድርጉ።

ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሲሻክር

ቃጫው ውሃ ሲያገኝ ይነሳል። እናንተ ቀድማችሁ አስነሱት፦ አርጥቡት፣ ሲደርቅ በ220 ቀስ ብላችሁ አልስልሱት፣ ደግማችሁም አድርጉት።

ሲሸት ወይም ሲያጣብቅ

ሽታው የምግብ ዘይት ነው፤ የወይራና የሱፍ ዘይት እንጨት ውስጥ ይበላሻሉ። ላዩን ሞርዳችሁ፣ በሞቀ የሳሙና ውሃ አጥባችሁ በደንብ ሲደርቅ ለምግብ ዕቃ የተፈቀደ ማዕድናዊ ዘይት አጠጡት። መጠጣቱን እስኪያቆም ደጋግሙ፤ ከአንዱ ፊት የገባው በሌላው ቢወጣ አትደንግጡ። የሚያጣብቀው ደግሞ ላዩ ላይ የተቀባ ሰም ሲበዛ ስለሆነ አሙቃችሁ ጥረጉት። የዋልነት ዘይት ግን ለስጦታ አልመክርም፤ ተቀባዩ ቤት ለለውዝ መሰል ፍሬዎች አለርጂ ያለበት ሰው ሊኖር ይችላል።

ያለቀውን መክተፊያ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ቤት አቆዩት፤ አንዳንድ ስንጥቅና ጉብጠት በዚያ ጊዜ ይገለጣል። ከስጦታው ጋር በእጅ የተጻፈ አጭር ወረቀት አያይዙ፦ በእጅ ይታጠብ፣ ውሃ ውስጥ አይዘፍዘፍ፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይግባ፣ በጎኑ ቆሞ ይድረቅ፣ ሲገረጣ ማዕድናዊ ዘይት ይቀባ።