ካታሎጉ «አለ» ያለው መጽሐፍ ከመደርደሪያው ሲታጣ፦ ችግርና መፍትሄ

መለያ ቁጥሩን፣ ባለሙያዎቹ «ኮል ነምበር» የሚሉትን፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ፣ ማለትም ከመጻሕፍቱ መዝገብ፣ በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ወደ መደርደሪያዎቹ የገባ አንባቢ ባዶ እጁን ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስርቆትን ነው። ስርቆት የለም ባይባልም፣ «ጠፋ» ከሚባሉት መጻሕፍት ብዙዎቹ ያሉት ከፈላጊው ጥቂት ክንድ ርቀት ላይ ነው።

ቁጥሩ በእጄ አለ፤ በቦታው ግን መጽሐፉ የለም

የተለመደው ምክንያት ከነጥቡ በኋላ ያሉትን አሃዞች እንደ ሙሉ ቁጥር ማንበብ ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የአስርዮሽ አመዳደብ ዕውቀት ሁሉ ከ000 እስከ 900 በሚደርሱ አሥር ክፍሎች ይከፈላል፤ በዚህ አመዳደብ የኢትዮጵያ ታሪክ በ963፣ የአማርኛ ቋንቋ በ492.87፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ በ892.87 ሥር ይገኛል። አሁን 963.055 እና 963.07 የተለጠፈባቸው ሁለት መጻሕፍት አሉ እንበል። 55 ከ7 ስለሚበልጥ 963.055 ኋላ የሚመጣ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ከነጥቡ ወዲያ ያሉት አሃዞች የሚነጻጸሩት ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ በአንድ ነው፤ ሁለቱም በ0 ይጀምራሉ፣ ቀጥሎ በአንዱ 5፣ በሌላው 7 አለ፤ ስለዚህ 963.055 ይቀድማል። 963.07 ዘንድ ቆሞ ወደ ቀኝ የሚፈልግ ሰው መጽሐፉን በግራው በኩል ትቶት አልፏል ማለት ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን አመዳደብ በሚከተሉ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። እዚያ ከላቲን ፊደላቱ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር እንደ ሙሉ ቁጥር ይነበባል፤ 38 ከ371 ይቀድማል። ከዚያ ነጥብና አንድ ፊደል ተከትሎ የሚመጣው ግን አስርዮሽ ስለሆነ፣ ፊደሉ አንድ ከሆነ 35 ከ4 ይቀድማል። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት አቆጣጠር ማለት ነው፤ መሳሳት አያስወቅስም።

አካሄድም ያሳስታል። መደርደሪያ የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ቢሆንም፣ አንዱ ቋሚ ከላይኛው ረድፍ እስከ ታችኛው ካለቀ በኋላ ነው ወደሚቀጥለው ቋሚ የሚታለፈው።

ካታሎጉ «ምንም አልተገኘም» ይላል

የእኛ ቋንቋ የራሱ ችግር እዚህ ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብቻ ብንወስድ፣ በሁለቱ ጸዎችና በሦስቱ ሀዎች ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ለአንባቢ ስድስቱም አንድ ቃል ሲሆኑ፣ ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። መረጃውን ያስገባው ሠራተኛ «ኃይሌ» ብሎ ከጻፈ፣ «ሀይሌ» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ ላያገኝ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው መፍትሄ ሞክሼ ፊደላትን እየቀያየሩ ከመድከም ይልቅ፣ ከርዕሱ ውስጥ ሞክሼ ፊደል የሌለበትን ቃል መርጦ በእርሱ መፈለግ ነው። ካታሎጉ በላቲን ፊደል ብቻ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የስሙን አጭርና የማያወላዳ ክፍል ብቻ መጻፍ ይጠቅማል።

በውጭ አገር ቤተ መጻሕፍት የሚፈልግ ሰው በደራሲው ስም ሲያጣ በአባት ስም ይሞክር፤ የአባትን ስም የቤተሰብ መጠሪያ አድርጎ የሚያስገባ መዝጋቢ አይጠፋምና። የኅትመት ዘመንም ቢሆን በእኛና በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት እንዳለው ማስታወስ ያሻል።

ስለ ቡና ፈልጌ ያገኘሁት ስለ ተክሉ ብቻ ነው

የዲዊ አመዳደብ መጻሕፍትን የሚያስቀምጠው በነገሩ ስም ሳይሆን ነገሩ በታየበት የሙያ ዘርፍ ነው። ስለ ቡና አመራረት የተጻፈው ከግብርና ጋር 633.73፣ ስለ ቡና ኢኮኖሚ የተጻፈው 338.17373፣ ስለ አፈላሉ የተጻፈው ደግሞ ከምግብና መጠጥ ዝግጅት ጋር 641.877 ላይ ይውላል። ስለዚህ አንድ መደርደሪያ አሟጦ «ይኸው ነው» ማለት ያጎድላል፤ «ቡና» የሚለውን በካታሎጉ የርዕሰ ጉዳይ መፈለጊያ አስገብቶ የሚወጡትን የተለያዩ ቁጥሮች ሁሉ መጻፍ ይገባል።

ሁሉም ትክክል ነው፤ ቦታው ግን ባዶ ነው

በቅድሚያ በካታሎጉ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን የክፍል ስም ማየት ነው፤ ማጣቀሻዎች፣ ለኮርስ የተያዙ መጻሕፍትና ከመደርደሪያው ቁመት የሚበልጡ ትልልቅ ጥራዞች በአብዛኛው ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ቀጥሎ የተመለሱ መጻሕፍት የሚጫኑበትን ጋሪና የንባብ ጠረጴዛዎቹን ማየት ይገባል። ከዚያም አሃዝ ተገለባብጦ እንደሆነ መሞከር ነው፤ 963 የነበረው 936 ላይ ቢገባ አያስገርምም። እኔ ራሴ ከግማሽ ሰዓት በላይ የፈለግሁትን አንድ ቀጭን መጽሐፍ ያገኘሁት እዚያው በቦታው፣ ከፊት ከተደረደሩት ጥራዞች ኋላ ተንሸራትቶ ወድቆ፣ አቧራ ለብሶ ነው። ከዚያ ወዲህ ከረድፉ ኋላ እጄን ሳልሰድ «የለም» አልልም።

ይህም ካልሠራ ለባለሙያው ቁጥሩን ጽፎ መስጠትና «ተፈልጎ ይገኝልኝ» ማለት ነው። አንባቢ ራሱ ያወጣውን መጽሐፍ በግምት መልሶ ባይሰካ ይመረጣል፤ ጋሪው ላይ ወይም ጠረጴዛው ላይ ቢተወው ሠራተኛው በቁጥሩ ይመልሰዋል፤ በተሳሳተ ረድፍ የተሰካውን ግን ካታሎጉ «አለ» እያለ፣ በአጋጣሚ ሰው እስኪደርስበት ድረስ የሚያገኘው የለም።