ካምበር ነው ከማለታችሁ በፊት፦ ዝቅ ያለ መኪና ጎማ ሲበላ

ዝቅ ያለ ዲኤክስ (የድሮው ቶዮታ ኮሮላ) ያምራል። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሳው ከወራት በኋላ፣ ጎሚስታው ጎማውን ፈትቶ የውስጥ ጎኑን ሲያሳያችሁ ነው። ከውጭ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ጎማ ከውስጥ ሽቦ አውጥቶ ይገኛል። ያኔ ጋራዡ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ «ካምበር ነው» ይላል። የካምበር ማስተካከያ ኪት ፍለጋ ይጀመራል፣ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ይለመናል።

ረጋ በሉ። ካምበሩ ድርሻ ይኖረዋል፣ ጎማውን ቶሎ የሚጨርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቶው ነው።

ለማያውቅ፦ ከመኪናው ፊት ቆማችሁ ስታዩ ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካጋደለ ያ ካምበር ነው። ላይኛው ጫፍ ወደ ውስጥ ሲያጋድል ኔጋቲቭ ይባላል። ቶ ደግሞ ከላይ ቢታዩ ሁለቱ ጎማዎች ቀጥ ብለው ይሄዳሉ ወይስ ፊታቸውን አዙረዋል የሚለው ነው። ወደ ውስጥ ካዞሩ ቶ-ኢን፣ ወደ ውጭ ካዞሩ ቶ-አውት። ካምበር በዓይን ስለሚታይ ሁሌ እሱ ይወቀሳል። ቶ የጥቂት ሚሊ ሜትር ነገር ስለሆነ ማንም አያየውም።

ግን ሂሳቡን ተመልከቱ። ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ጎማ ላይ ጠቅላላ ቶው 6 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት እያንዳንዱ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። በ10,000 ኪሎ ሜትር 50 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው፤ ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ድረስ ጎማውን በጎኑ እንደመጎተት። ካምበሩ ግን ቶው ትክክል እስከሆነ ድረስ እስከ 1.5 ዲግሪ ኔጋቲቭ ቢሆንም ጎማ ብዙም አይጎዳም። 2 ሲያልፍ ልዩነቱ መታየት ይጀምራል። 3 ከደረሰ ምንም ብታደርጉ ውስጡ ቀድሞ ያልቃል።

ምልክት፦ ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከውስጥ አልቀዋል

መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አሻሹ። ሽቦ ካወጣ አትንኩት፣ እጅ ይቆርጣል። በአንዱ አቅጣጫ ልሙጥ ሆኖ በሌላው ሹል ሹል እያለ የሚቧጥጥ ከሆነ ቶ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ ልሙጥ ሆኖ ውስጡ ብቻ ከሳሳ ካምበር ነው። ዝቅ ባለ መኪና ላይ የተለመደው ግን ሁለቱ ተጋግዘው መምጣታቸው ነው። ካምበሩ ክብደቱን ውስጥ ጠርዝ ላይ ያሳርፋል፣ ቶው እዚያው ይፈጨዋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። መኪናው ሲወርድ የታችኛው አርም (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) እና ቴስቲናው (ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ) ያለበት የመሪ ዘንግ ሁለቱም ወደ ላይ ያጋድላሉ፣ ግን እኩል አይደለም። ርዝመታቸውም የሚነሱበት ቦታም ይለያያል። ስለዚህ ዘንጉ ጎማውን ሳትነኩት ያዞረዋል። እንደ ቪትዝ የመሪው ራክ (የመሪ ዘንጎቹን ግራና ቀኝ የሚገፋው ክፍል) ከፊት አክስሉ በስተኋላ ባለባቸው መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ቶ-አውት ነው። ሞላ ቆርጦ ወይም ቀይሮ አላይመንት (የቶና የካምበር ልኬትና ማስተካከያ) ሳያሰሩ መንዳት እንግዲህ ጎማ መግዛት ማለት ነው። በነገራችን ላይ ሞላው አርጅቶ የተኛ መኪናም ባለቤቱ ሳያውቀው ዝቅ ያለ መኪና ነው፣ ምልክቱም ያው ነው።

መፍትሄው በአላይመንት ይጀምራል እንጂ በኪት አይጀምርም። ቶውን አስተካክላችሁ ካምበሩ ከ1.5 ካላለፈ ገንዘባችሁን ያዙ።

ምልክት፦ አንድ ጎማ ብቻ ነው የሚያልቀው፣ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል

መኪና ሲወርድ በሁለቱም በኩል ነው የሚወርደው። አንዱ ብቻ ከተበላ ዝቅ ማድረጉን አትውቀሱ፣ ጉድጓዱን ወይም ያልታየውን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አስታውሱ። የታጠፈ ሾክ አብዞርበር፣ የተጣመመ አርም፣ የላላ ቦል ጆይንት፣ ያለቀ ቡሽ ወይም የተበላ ኩሽኔታ ይፈለጋል። በክሪክ አንሱት፣ ከስር መቆሚያ አድርጉበት፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው። በግራና በቀኝ ይዛችሁ ሲነቃነቅ ደግሞ መጀመሪያ ቴስቲናውን እዩ። የላላ ነገር እያለ አላይመንት ማሠራት ብር ማባከን ነው፤ ማሽኑ ላይ ትክክል የነበረው ቁጥር ከግቢው ሲወጣ ይለወጣል።

መሳቡን በተመለከተ፣ የግራና የቀኝ ካምበር ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ካለፈ መኪናው ካምበሩ ይበልጥ ወደ ፖዘቲቭ ወዳዘነበለበት ጎን ይሄዳል። የጎማ ንፋስ እኩል መሆኑን ግን ቀድማችሁ ለኩ። ነፃ ነው።

ምልክት፦ ጎማው ቦታ ቦታ ተቦርብሯል፣ ሲነዳ ይጮሃል

ይሄ ካምበርም ቶም ላይሆን ይችላል። ሾክ አብዞርበሩ ሞላውን መቆጣጠር ሲያቅተው ጎማው መንገዱ ላይ ይዘላል፣ ያረፈበት ቦታ ይቦረቦራል። የተቆረጠ ሞላ ይሄን ያባብሳል። ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል፣ የድሮው ሾክ ደግሞ ለዚያ አልተሠራም። ከሁሉ የሚብሰው በእሳት ተግሎ እንዲተኛ የተደረገ ሞላ ነው፤ ብረቱ ጥንካሬውን ስላጣ መውረዱን አያቆምም፣ ሊሰበርም ይችላል። እንዲህ ያለ ሞላ ላይ ካምበር ማስተካከል አይታሰብ፣ በሚቀጥለው ወር ከፍታው ሌላ ነው። መጀመሪያ ደህና ሞላና ሾክ።

ቤት ውስጥ መለካት

ደልዳላ ወለል ፈልጉ። መሪውን ቀጥ አድርጉ፣ መኪናውን ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፣ ሞላው ቦታውን ይያዝ። ለቶ በሁለቱ የፊት ጎማዎች ኋላ በኩል፣ በእምብርቱ ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ከዚያ ምልክቱ ፊት በኩል እስኪመጣ መኪናውን ግፉትና ያንኑ ምልክት እንደገና ለኩ። የፊቱ ከበለጠ ቶ-አውት ነው። ዝቅ ባለ መኪና ስር ሜትሩ አላልፍ ካለ በየጎማው ጎን ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፉና በጫፎቹ መካከል ለኩ። ጣውላው ከጎማው ስለሚረዝም ልዩነቱን አጉልቶ እንደሚያሳይ ግን አትርሱ።

ለካምበር የግንበኛ ቱንቢ ይበቃል። ክሩን ከጎማው ውጫዊ ጎን ፊት ለፊት አንጠልጥሉ፣ ከቸርኬው ላይኛና ታችኛ ከንፈር እስከ ክሩ ያለውን ለኩ። በ14 ኢንች ቸርኬ ላይ የ6.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት 1 ዲግሪ ገደማ ነው። የማሽኑን ያህል ትክክል አይሆንም፣ ግን «ካምበርህ 4 ደርሷል» የሚል ሻጭ ሲመጣ አትታለሉም።

ካምበሩ በእርግጥ ከበዛ

እዚህ ላይ መልሱ እንደ መኪናው ነው።

ቪትዝና እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ያሉት ኮሮላዎች ፊት ላይ ሾኩ ከጎማው ተሸካሚ ጋር በሁለት ብሎን ይታሰራል። ከሁለቱ አንዱን፣ ብዙ ጊዜ ላይኛውን፣ በካምበር ብሎን መቀየር ነው። መሃሉ ቀጠን ያለ ወይም ጎርበጥ ያለ ብሎን ስለሆነ ሲዞር ጎማውን ይገፋዋል። ቶዮታ ራሱ ጭንቅላታቸው ላይ ነጥብ ያላቸው የካምበር ማስተካከያ ብሎኖች አሉት፤ በነጥቡ ቁጥር የሚሰጡት ማስተካከያ ይለያያል። ቀዳዳውን በሞረድ አስፍቶ ማሰር ርካሽ ነው፣ ግን በኮብልስቶን መንገድ ላይ ይንሸራተታል። አንዳንድ ጋራዥ ሾኩን በክሪክና በሰንሰለት ገፍቶ ያቃናል። እሱን ሲያደርጉ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

የቪትዝ ኋላ ሌላ ታሪክ ነው። ሁለቱን ጎማ አንድ የብረት ድልድይ ስለሚያገናኛቸው መኪናው ቢወርድም ካምበሩ እምብዛም አይለወጥም። የኋላ ጎማ ከውስጥ ከተበላ ድልድዩ ታጥፏል ወይም ኩሽኔታው ሄዷል። በእምብርቱና በድልድዩ መካከል የሚገባ ስስ ማስተካከያ ሳህን አለ፣ ግን መጀመሪያ ድልድዩን አስለኩ።

ዲኤክስ ላይ የካምበር ብሎን እንሸጥላችኋለን የሚል ካለ ሳቁበት። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው በዚያ ትውልድ ኮሮላ ላይ የፊት ጎማው የሚታሰርበት ዘንግ ከሾኩ ቤት ጋር አንድ ላይ የተበየደ ነው፣ የሚዞር ብሎን የሚገባበት ቦታ የለም። ያለው አማራጭ ሾኩ ከላይ ከቦዲው የሚታሰርበትን ተስተካካይ ማድረግ፣ ወይም የታችኛውን አርም መቀየር ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምመርጠው በሾኩ ታችና በመሪው ክንድ መካከል የሚገባውን ማራዘሚያ ብረት ነው። አርሙንም የመሪ ዘንጉንም አብሮ ወደ ታች ስለሚመልስ በየጉብታው ላይ ቶው መለዋወጡን ይቀንሳል። ለካምበሩ ብቻውን አይበቃም፣ ለጎማው ግን ብዙ ይረዳል። ዲኤክስ ከኋላ ድፍን አክስል ስለሆነ እዚያ ካምበር የሚባል ጣጣ የለም።

አሜሪካ ሆናችሁ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2000 ሞዴል ሆንዳ ሲቪክ የያዛችሁ ደግሞ ላይኛ አርም ስላላችሁ ተስተካካይ ላይኛ አርም ትገዛላችሁ። ለኋላው በአርሙ ማሰሪያና በቦዲው መካከል ሮንዴላ ጨምሮ ላይኛውን ወደ ውጭ መግፋት የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራል። የሮንዴላው ውፍረት በግራና በቀኝ እኩል ይሁን፣ ብሎኑም በቂ ጥርስ መያዙን እዩ።

ቅደም ተከተሉ

ካምበር ቀድሞ፣ ቶ በኋላ። ሾኩን ስታጋድሉ ቶው አብሮ ይለወጣል፣ ስለዚህ ቶን ቀድሞ ማስተካከል ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ከኋላ የሚስተካከል ነገር ካለ ደግሞ ኋላው ከፊቱ ይቀድማል። «ካምበሩን ቀየርኩልህ፣ ቶው አልተነካም» የሚል ሜካኒክ ካጋጠማችሁ ወደ አላይመንት ማሽን ሂዱ፣ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር የያዘ ወረቀትም ጠይቁ። አዲስ ሞላ ከገባ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ እንደገና አስለኩ፣ ትንሽ መውረዱ አይቀርም።

በግማሽ ያለቀውን ጎማ ሽቦ እስካላወጣ ድረስ አትጣሉት። የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ወይም «አውትሳይድ» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት ጎሚስታው ከቸርኬው አውጥቶ ገልብጦ ያስገባላችኋል፣ ያለቀው ጎን ወደ ውጭ ይመጣል። ይሄ ግን አላይመንቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በጥርሱ መካከል ባሉት ጉድጓዶች ውስጥ ያለው የ1.6 ሚሊ ሜትር ምልክት በአንዱ ጠርዝ እንኳ ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆነ ግን መገልበጡ ይቅርባችሁ። ያ ጎማ በክረምት ዝናብ ላይ ፍሬን አይዝላችሁም።