ጤፍ በቀጥታ ከገበሬ ማኅበር፦ የእኛ ብሎክ እንዴት እንደጀመረ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖር 18 ቤተሰቦች ነን። የዓመት ጤፋችንን የምንገዛው ቢሾፍቱ አካባቢ ካለ የገበሬዎች ማኅበር ነው። አብረን መግዛት ከጀመርን ዘንድሮ አራተኛ ዓመታችን ነው። «እንዴት አደረጋችሁት?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እንዲህ ልጻፈው አልኩ።

መጀመሪያ ሰው ነው። ማስታወቂያ ለጥፋችሁ አትሰብስቡ። እቁብ አብረው የሚጥሉ፣ በእድር የሚተዋወቁ ሰዎች ይሻላሉ። ማን በቀኑ እንደሚከፍል፣ ማን ምክንያት እንደሚያበዛ እዚያ ታውቋል። ከ10 እስከ 20 ቤት ይበቃል። ገንዘብ ያዥ፣ ፀሐፊና ጤፍ የምታውቅ አንዲት እናት ምረጡ። እናትየዋን እንዳትዘሏት። እኛ የመጀመሪያው ዓመት ዘለልናትና በስልክ ብቻ ከምናውቀው ደላላ ገዛን። ማኛ ነው ተብሎ መጣ። ከላይ ነጭ፣ ከማዳበሪያው ወገብ በታች ሰርገኛ ነበር። ገንዘቡ ደግሞ ቀድሞ ተልኳል።

ከዚያ ወዲህ ደላላ አንፈልግም። የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ብትጠይቁ በአካባቢው ያሉትን መሠረታዊ ማኅበራት ይነግሯችኋል። ዩኒየኖች፣ ማለትም የእነዚህ ማኅበራት ኅብረቶች፣ በጅምላ ነው የሚሸጡት። ለ30 እና ለ40 ኩንታል መሠረታዊ ማኅበሩ ይመቻል። በአካል ሂዱ። ኦሮምኛ የሚችል ጎረቤት ካላችሁ ይዛችሁት ሂዱ፤ ጨዋታው ወዲያው ይለወጣል።

መቼ? ሰው ሁሉ ጥር ላይ ይሄዳል፣ ዋጋ ስለሚወርድ። ለምን እንደሚወርድ ግን አስቡት። ገበሬው ሐምሌ ላይ ዘርቶ ኅዳርና ታኅሣሥ ያጭዳል። የዳፕና የዩሪያው ዕዳ፣ ግብሩ፣ የልጆቹ ወጪ እየጠበቀው ነው። ስለዚህ ሁሉም እኩል ገበያ ያወጣል። እኛ በዚያ ሰዓት በርካሽ ብንገዛ ከነጋዴው በምን ተሻልን? ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሂዱ፣ ጤፉ ገና ማሳ ላይ እያለ። ስንት ኩንታል እንደምትወስዱ ተፈራረሙ፤ አቅማችሁ ከፈቀደም ቀብድ ስጡ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጤፉን መጀመሪያ ልንረከብ የሄድን ቀን አውድማው ዳር ቆመው እፍኝ ጤፍ መዳፌ ላይ ዘረገፉልኝና «ልጄ፣ ይሄንን ማን እንደሚበላው አይተን አናውቅም» አሉኝ። ጤፉ ቁንጮ የሚባለው ዝርያ ነበር፣ ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1998 ዓ.ም ያወጣው። እዚያው ቅርባቸው የተገኘ ዘር ነው።

ዋጋውን እንዲህ ነው የምናወጣው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። ጤፉን በምንረከብበት ሳምንት ገበሬው አካባቢ ባለው ገበያ ኩንታሉ 10,000 ብር፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ 13,000 ብር ቢሆን ልዩነቱ 3,000 ነው። ከዚያ ላይ የመኪናና የጫኝ 800 ብር ይነሳል። የቀረውን 2,200 እኩል እንካፈላለን። ገበሬው 11,100 ያገኛል፣ እኛ ደጃችን ድረስ በ11,900 ይገባልናል። ሂሳቡን ሁለቱም ወገን ባለበት ወረቀት ላይ ሥሩት። ጭቅጭቅ አይኖርም።

አሁን ወደ ጤፉ። የላይኛውን ማዳበሪያ አትመኑ፤ የታችኛውን አስወርዱ። እጃችሁን እስከ ክርን ክተቱና ከታች ዝቃችሁ ሰፌድ ላይ አድርጉት። አንገዋልሉት። አሸዋው ለብቻው ጥግ ይይዛል። አሽትቱትም፤ የታመቀ ሽታ ካለው እርጥበት አለው፣ ቤት ገብቶ ይሻግታል። አሸዋ ቢበዛ ግን ገበሬውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። በበሬ ሲወቃ አፈር መግባቱ አይቀርም። እኛ በሁለተኛው ዓመት አዋጥተን አውድማ ላይ የሚነጠፍ ሦስት ትልልቅ ሸራ ገዛንላቸው። በቀጣዩ ጥር የመጣውን ጤፍ ያቺ እናት ሰፌድ ላይ አይታ «ይሄ እኮ የተለቀመ ነው» አለች። ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

ሚዛኑ ላይ የባዶ ማዳበሪያውን ክብደት ቀንሱ። ደረሰኝ ሳትይዙ አይሱዙው አይነሳ፤ መንገድ ላይ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። የሰፈራችሁን ጫኝና አውራጆች ደግሞ መኪናው ከመምጣቱ በፊት አነጋግሩና ዋጋ ቁረጡ። በር ላይ ከቆመ መኪና ጋር መከራከር አይቻልም።

ክፍፍሉ ላይ አንድ ነገር አደራ። ኩንታል ሙሉ መግዛት የማይችል ቤት አለ። እኛ በየኩንታሉ 50 ብር መጠባበቂያ እናስቀምጣለን። ብሎካችን ውስጥ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት አለች፤ ከዚያ ገንዘብ 25 ኪሎ ትወስድና በየሳምንቱ ትከፍላለች። እስካሁን አንድ ሳምንት አላሳለፈችም። እንጀራዋ ንጹሕ ጤፍ ስለሆነ ጀሶ ተቀላቀለ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ደንበኛዋ ይጨምራል።

ዘንድሮ የሽሮውንም ልንሞክር ነው። አድአ፣ ማለትም ቢሾፍቱ ዙሪያ ባለው ወረዳ፣ ሽንብራ የሚዘራው መስከረም፣ ዝናቡ ሲቀንስ፣ መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው። ሽንብራም ከፈለጋችሁ ንግግሩን ነሐሴ ላይ ጨርሱ፣ ገበሬው ስንት ጥማድ መሬት እንደሚዘራ ከመወሰኑ በፊት።